አንድ ደቂቃ (ዳንኤል 6፥10)

በሳንታ ክላራ በእሑድ ጠዋት አምልኮ የተሰበከ፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ

 ተቀመጡ።

ከመጀመሬ በፊት ይህችን ነገር ታዩዋታላችሁ? ከኋላ ላላችሁት ላትታያችሁ ትችላለች። ነጭ፣ ክብ፣ ከጀርባዋ ማግኔት ያላት የወጥ ቤት ታይመር ናት። ታዞሯታላችሁ፣ ትቆጥራለች፣ ሲያልቅ ትጮኻለች። ሌላ ሥራ የላትም። ኢንተርኔት የላትም፣ ፓስወርድ የላትም። ዛሬ 35 ደቂቃ ላይ አድርጌ ፑልፒቱ ላይ አስቀምጫታለሁ። ስትጮኽ አቆማለሁ። ሽማግሌዎች ፈገግ ስትሉ አይቻችኋለሁ፤ ባለፈው እሑድ ስንት ሰዓት እንደጨረስኩ ታውቃላችሁ። የልጆች አገልግሎት አስተማሪዎች ደግሞ ከእናንተ ይበልጥ ያውቃሉ፤ የተራቡ ልጆችን ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

የዚህችን ታይመር ታሪክ ኋላ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ቃሉን እናንብብ፤ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ቁጥር 10። (ቃሉ ተነበበ)

ዳንኤልን የምናውቀው በአንበሶቹ ነው። ልጆቻችንም እዚያ ክፍል ውስጥ የሚስሉት አንበሶቹን ነው። ዛሬ ግን ከአንበሶቹ በፊት የነበረውን ነው ማየት የምፈልገው። የቁጥሩን መጨረሻ ልብ በሉት። አዋጁ በወጣ ቀን ዳንኤል አዲስ ነገር አልጀመረም። ቀድሞ ያደርገው የነበረውን አደረገ። ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሰዓቱ ደረሰ፣ ተንበረከከ። በቀን ሦስት ጊዜ። ጠላቶቹ እሱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም፤ የት እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ወገኖቼ፣ እኛን የሚከታተል ሰው ቢኖር በየትኛው ሰዓት ምን ስናደርግ ያገኘናል? ስልካችንን ስንነካካ ያገኘናል ብዬ እፈራለሁ። እኔንም ጨምሮ።

ይህ ሰው ሥራ ፈት አልነበረም። ያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ንጉሡ በመንግሥቱ ላይ 120 ሹማምንት እንዳስቀመጠ፣ ከእነሱ በላይ ሦስት አለቆች እንዳደረገ፣ ከሦስቱ አንዱ ዳንኤል እንደነበረ ይነግረናል። 120ው ሪፖርት የሚያቀርቡት ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ካለንደሩ ላይ ባዶ ቦታ የሌለው ሰው ማለት ነው። ደግሞም ስደተኛ ነው። በወጣትነቱ ነው የተወሰደው፤ በዚህ ጊዜ በባዕድ አገር ከ60 ዓመት በላይ ኖሯል። ስሙን እንኳ ቀይረውበታል፣ ብልጣሶር ብለውታል። እዚህ መካከላችንም ለሥራ ቦታ ሲባል ስሙ ያጠረበት ሰው አለ፤ አትሳቁ፣ እኔም አንዱ ነኝ።

አሁን የማሳያችሁን ነገር እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት አንብቤው አላየሁትም ነበር። ዳንኤል ምዕራፍ 9 ቁጥር 21ን ግለጡ። ዳንኤል እየጸለየ ሳለ ገብርኤል መጣ። በስንት ሰዓት? ዳንኤል ሰዓቱን ሲጠራው በማታ መሥዋዕት ጊዜ ይላል። ቆይ! የትኛው መሥዋዕት? ቤተ መቅደሱ በ586 ዓመተ ዓለም ተቃጥሏል። ይህ የዳንኤል ጸሎት ከዚያ ወደ 50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በኢየሩሳሌም መሠዊያ የለም፣ ጢስ የለም፣ ካህን የለም። ለ50 ዓመት ያህል በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ አንድም በግ አልታረደም። ዳንኤል ግን ባቢሎን ተቀምጦ፣ የባቢሎንን ቋንቋ እየተናገረ፣ የባቢሎንን መንግሥት እያስተዳደረ፣ ቀኑን የሚቆጥረው በእግዚአብሔር ቤት ሰዓት ነው። መሥዋዕቱ ቢቆምም ሰዓቱን አላቆመውም። ሃሌሉያ! ይህን ስረዳ መጽሐፍ ቅዱሴን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

እኛ ሐበሾች ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነን። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ሦስት ወር እኛ ጋር ልትቆይ ስትመጣ የእጅ ሰዓቷን አልቀየረችም። እዚህ ሳሎን ቁጭ ብላ ሰዓቷ የደብረ ብርሃንን ይቆጥራል። «እማዬ፣ ላስተካክልልሽ» ስላት «ተወው፣ ቤቴ ስንት ሰዓት እንደሆነ ልወቅ» አለችኝ። እኛ ከቀኑ 3 ሰዓት የምንለውን እዚህ 9 ይሉታል፤ ስድስት መደመር፣ ስድስት መቀነስ ለምዶብናል። የሐዋርያት ሥራን በአማርኛ ስናነብ ግን መደመርም መቀነስም የለብንም። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእኛው ዘጠኝ ሰዓት። በዓለ ሃምሳ ቀን ጴጥሮስ ሰዎቹ አልሰከሩም፣ ገና ሦስት ሰዓት ነው ሲል የእኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ቆርኔሌዎስ መልአኩን ያየው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጌታችን በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት የተቀመጠው በስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን። ፈረንጆቹ ይህን ለማስረዳት የግርጌ ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ የእኔ እናት ማስታወሻ አያስፈልጋትም።

ዳንኤልም መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም የከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሎሞን መቅደሱን ሲመርቅ፣ አንደኛ ነገሥት 8 ላይ፣ ሕዝቡ ተማርኮ ርቆ ቢሄድ እንኳ ወደዚህች ምድር ዞሮ ቢጸልይ ስማ ብሎ ለምኖ ነበር። ዳንኤል ያንን ይዞ ነው የሚኖረው። መስኮት አለው፣ ሰዓት አለው። ፍቅር ቦታና ሰዓት ካልተሰጠው ምኞት ሆኖ ይቀራል። «ልቤ ከእግዚአብሔር ጋር ነው» እንላለን፤ እግዚአብሔር ግን ልባችን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ማወቅ አቅቶታል ብል ተቆጡኝ።

አሁን ወደ ታይመሯ ልመለስ።

የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ክረምት፣ ረቡዕ ማታ ነው፣ ላፕቶፔን ከፍቼ እየሠራሁ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፣ እንዲህ ስላችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። መጽሐፍ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ አንብብልኝ።» «አንድ ደቂቃ የኔ ቆንጆ» አልኳት። ሄደች። ተመለሰች። «አንድ ደቂቃ።» ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ይህችን ታይመር ከማቀዝቀዣው በር ላይ ነቅላ ይዛለች። ክፍላቸው ውስጥ መምህሯ ዕቃ ሲያነሱ በእንዲህ ያለ ታይመር ነው የምታዛቸው። አንድ ደቂቃ ላይ አዞረችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ዋን ሚኒት ብለሃል እኮ» አለችኝ። ሳቅኩኝ። ጮኸ። «ትንሽ ጨምሪልኝ» አልኳት። ጨመረችልኝ። ጮኸ። ጨመረች። ስንት ጊዜ እንደጨመረች አላውቅም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጩኸቱን መስማት አቆምኩ። ቀና ስል ሶፋው ላይ ተኝታለች፣ ታይመሯ እጇ ውስጥ ናት፣ መጽሐፉ ወለሉ ላይ ነው።

ተሸክሜ ወደ አልጋዋ ስወስዳት አንድ ነገር ገባኝ። «አንድ ደቂቃ» ከምናገራቸው ውሸቶች ሁሉ በብዛት የምናገረው ነው። ለልጄ እንዲህ ነው፣ ለባለቤቴ እንዲህ ነው፣ ለእናቴ «ቆይ ማታ እደውላለሁ» ነው፣ ለእግዚአብሔርም እንዲህ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5 ላይ አዎን ስንል አዎን እንዲሆን ያስተማረው ስለ መሐላ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። ይህች ትንሽ ፕላስቲክ ግን መሰከረችብኝ። ደቂቃ ስድሳ ሰከንድ ናት፤ እሷ አትጨምርም፣ አትቀንስም። እኔ ግን አንዷን ደቂቃ አርባ አድርጌያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ታይመሯ ሥራ አገኘች። በጣም ቀላል ነገር ነው የምነግራችሁ፤ ከስብከት ይልቅ የቤት ምክር ይመስላል፣ ታገሱኝ። ልጄን «ሃያ ደቂቃ» ስላት ሃያ ላይ አዞራታለሁ፣ እሷ ትይዛለች። ሲጮኽ ላፕቶፑ ይዘጋል። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም? አላለቀም፤ ይዘጋል። ነህምያ 13 ላይ ነህምያ የሰንበት ዋዜማ ጥላው የኢየሩሳሌምን በሮች ሲነካ በሮቹ እንዲዘጉ አዘዘ፣ በሮቹም ላይ ሰው አቆመ። ነጋዴዎቹ ውጭ አደሩ። ጥሩ ዕቃ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። የእኛ ነጋዴ ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ነው ስልክ ላይ ያለውን ታይመር የማልመክራችሁ። ለጽሞና አሥር ደቂቃ ልሙላ ብዬ ስልኬን አነሳለሁ፣ የመጣውን መልእክት አያለሁ፣ ለአንዱ እመልሳለሁ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለምን እንዳነሳሁት ረስቼዋለሁ። በሩን ልዘጋ ሄጄ ከነጋዴው ጋር ገበያ ያዝኩ ማለት ነው።

መካከላችሁ ያላችሁ ኢንጂነሮች ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ታውቁታላችሁ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣልያናዊ ተማሪ በ1980ዎቹ መጨረሻ ማጥናት ቢያቅተው በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የወጥ ቤት ታይመር ወሰደ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት። ስሙም ከዚያችው ቲማቲም መጣ። ለሥራ እንዲህ እንጠነቀቃለን። ኢንቴልም ኤንቪዲያም ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚሁ ሳንታ ክላራ ነው፤ እዚህ ሰፈር በሚነደፈው ቺፕ ውስጥ ያለው ምት በሰከንድ በቢሊዮን ይቆጠራል። በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ መቁጠር የሚያውቅ ሰፈር ለጸሎት አሥር ደቂቃ መቁጠር አቃተው።

«ለእግዚአብሔር ሰዓት ሞልቶ መጸለይ ሥጋዊ አይሆንም ወይ?» ብሎ አንድ ወንድም ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እናቶች፣ ዶሮ ወጥ ጥዳችሁ እንግዳ ስታጫውቱ ልባችሁ የት ነው? ምድጃው ላይ ነው። ታይመር ከሞላችሁ ግን ትቀመጣላችሁ፣ እንግዳውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ታወራላችሁ፤ ምድጃውን የሚጠብቅ ሌላ አለና። ጸሎትም ላይ እንዲሁ ነው። ሰዓቴን በየደቂቃው የማየው «ረፈደብኝ ይሆን» ብዬ ስለምፈራ ነው። ታይመሯ ስትጠብቅልኝ እኔ መጠበቅ አቆማለሁ። አሥር ደቂቃ ናት፤ ግን ሙሉ አሥር ደቂቃ ናት። መንፈስ ቅዱስ ከያዛችሁ ጩኸቷን አጥፍታችሁ ቀጥሉ። እግዚአብሔር የፓርኪንግ ሜትር አይደለም፤ ሳንቲማችሁ ሲያልቅ ቅጣት አይለጥፍባችሁም።

ይህንን ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ሰዓት ጌታ ሊሆንም ይችላልና። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ፣ በሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በ1777 የተመሠረተው የስፔን ሚሽን ቤተ ክርስቲያን አለ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። በእነዚያ ሚሽኖች ውስጥ የዚህች ምድር ባለቤቶች የሆኑት ኦሎኒዎች በደወል ይነሡ፣ በደወል ይጸልዩ፣ በደወል ይሠሩ፣ በደወል ይበሉ ነበር። ሸሽቶ የሄደውን በወታደር ይመልሱት ነበር። የጸሎት ደወል ነው፤ ግን ሰውን ባሪያ አደረገበት። ጌታችን በማርቆስ 2 ላይ ሰንበት ለሰው እንጂ ሰው ለሰንበት እንዳልተፈጠረ ያስተማረውን አትርሱ። ታይመር ገዝታችሁ ቤት ሄዳችሁ ልጆቻችሁን «ጸልዩ፣ ጮኸ!» እንዳትሉብኝ። ባል ሚስቱን እንዳይቆጥርባት። በመጀመሪያ የሚቆጠረው የራሳችሁ «አንድ ደቂቃ» ነው።

ሁለት ሥራ የምትሠሩትንም አስባችኋለሁ። ታክሲ የምትነዱ፣ መጋዘን የምትሠሩ፣ ሌሊት አረጋውያንን የምትጠብቁ፤ የእናንተን ሰዓት ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው። አንዲት እኅታችን፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ የሌሊት ፈረቃ ናት። ጽሞና ስለሌለኝ እግዚአብሔር ያዘነብኝ ይመስለኛል ብላ አልቅሳ ነገረችኝ። ጠዋት ስትወጣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ትሮጣለች። «መኪናሽ ውስጥ ስትገቢ ሞተሩን ከማስነሣትሽ በፊት አምስት ደቂቃ» ተባባልን። ትንሽዬ ታይመር ዳሽቦርዱ ላይ አደረገች። ከወር በኋላ ስጠይቃት ምን አለችኝ? «መጋቢ፣ አምስቱ ደቂቃ አይበቃም፤ ግን በየቀኑ እዚያ ነው የሚጠብቀኝ።» አሜን በሉ እንጂ!

እናንተ ታላላቆቻችን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በደርግ ዘመን በየቤቱ ስትሰበሰቡ ሰዓት እላፊ ነበረ። አንድ በአንድ ትገቡ ነበር፣ አንድ በአንድ ትወጡ ነበር፤ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። አንድ አባት ሲነግሩኝ «ጊዜ ስላልነበረን ወሬ አናወራም ነበር» አሉኝ። እዚህ ማንም አያሳድደንም። በራችን ተከፍቶ ነው የምንዘምረው። ግን አምልኮ በ10 ብለን 10፡45 ላይ መኪና ስናቆም፣ ከመኪናው ሳንወርድ «እየደረስኩ ነው» ብለን ከቤት ሆነን የላክነው መልእክት አለ። የሐበሻ ሰዓት ብለን እንስቃለን። ምስኪን የሐበሻ ሰዓት! ንጋትን አንድ ብሎ የሚጀምር፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚገጥም ሰዓት ነው፤ የእኛን መዘግየት ለምን እናሸክመዋለን?

ስለ እናቴ ጀምሬ አልጨረስኩም። እዚህ ማታ 8 ሲሆን ኢትዮጵያ በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አሁን ማለት ነው፤ በኅዳር እዚህ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሰዓት ይሆናል። ይህን ሳስረዳት «ሰዓት ደግሞ ይመለሳል? ፀሐይን ማን አዘዛት?» ትለኛለች። ለዓመታት ሲመቸኝ ነበር የምደውለው። ሲመቸኝ ማለት በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ሀይዌይ 101 ላይ እየነዳሁ ማለት ነው። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ግን ማክሰኞና ዓርብ ማታ በ8 ሰዓት ታይመሯን ሃያ ደቂቃ አድርጌ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እኅቴ ለብቻዬ ደወለችልኝ። «ምን አድርገሃት ነው? ረቡዕና ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች» አለችኝ። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ዓመት ስትጠብቅ ነበር፤ መቼ እንደምትጠብቅ ብቻ አታውቅም ነበር።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን ምን እንደጠየቀው ማርቆስ 14፥37ን ቤት ሄዳችሁ አንብቡት። የጠየቀው ዕድሜውን ሁሉ አልነበረም፣ አንድ ሰዓት ነበር። በሰዓት ለክቶ ነው የጠየቀው።

ሦስት ደቂቃ ቀርቶኛል። መዘምራን አትውጡ፣ ሙዚቃም አያስፈልግም። ሦስቱን ደቂቃ ለእናንተ እሰጣችኋለሁ። ስልክ ያለው መቀመጫው ሥር ያስቀምጠው። «አንድ ደቂቃ» ብላችሁ የተዋችሁትን ሰው ስም በልባችሁ ለጌታ ንገሩት፤ እኔም የራሴን እነግረዋለሁ። ማንም ጮክ ብሎ አይጸልይ። ስትጮኽ ቡራኬ ሰጥቼ እንለያያለን።

(ጉባኤው በዝምታ ጸለየ።)